የንብ ማህበር ልትጀምሩ ነው? መጀመሪያ ቀፎ ክፈቱ

ዳንግላ አካባቢ ባለች ትንሽ የንብ አናቢዎች ማህበር ገንዘብ ያዥ ነኝ። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። «እኛም ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር ልንጀምር ነው፤ ከየት እንነሳ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ታዲያ አብዛኛው ቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ማህተምና ስለ መተዳደሪያ ደንብ ነው። ማህተም ንብ አያረባም። ሕጋዊ መሆን የሚያስፈልጋችሁ በጋራ መሸጥ፣ ደረሰኝ መቁረጥ ወይም ብድር መጠየቅ ስትጀምሩ ነው። ያኔ የወረዳችሁ ህብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ምን ማሟላት እንዳለባችሁ ጠይቁ፤ ይነግሯችኋል። እስከዚያው አንድ ደብተር፣ አንድ ሰብሳቢና አንድ የማይረሳ ጸሐፊ ይበቃል።

ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋችሁ የቀፎ ተራ ነው።

እቁብ ለሚያውቅ ሰው ነገሩን ማስረዳት አይከብደኝም። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ማታ አባላት አንድ ሰው ጓሮ ይሰበሰባሉ። የዚያን ሰው ቀፎዎች አብረው ከፍተው ያያሉ። በሚቀጥለው ደግሞ የሌላው ተራ ነው። ስብሰባም፣ ስልጠናም፣ ወሬም እዚያው ያልቃል።

ለምን በተራ? ሰው ብቻውን ሲሆን ቀፎውን አይከፍትም። ወይ ይፈራል፣ ወይ ይሰለቻል፣ ወይ «ባልነካቸው ይሻላል» ይላል። ዘመናዊ ቀፎ በውድ ገዝቶ ዓመቱን ሙሉ ሳይከፍት ከርሞ፣ ህዳር ላይ «ማር የለውም» ብሎ የሚያማርር ሰው ሞልቷል። ከባህላዊ ቀፎ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ማር ይገኛል ይባላል። ዘመናዊው፣ ማለትም ንቦቹ ሰም የሚሠሩበት የሚወጣ የሚገባ የእንጨት ክፈፍ (ፍሬም) ያለው፣ ከ15 እስከ 20 ኪሎ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሰጣል። ግን የሚሰጠው ለሚከፍተው ነው። ሳይከፈት የሚከርም ዘመናዊ ቀፎ ዋጋው የናረ ባህላዊ ቀፎ ነው።

አባላት በእግር የሚገናኙ ይሁኑ። አሥር አሥራ ሁለት ሰው ጥሩ ነው። ከዚያ ካለፈ ተራው ይርቅና ሰው መቅረት ይጀምራል። ሴቶችን ከመጀመሪያው አስገቡ። ድሮ ቀፎ ዛፍ ላይ ይሰቀል ስለነበር፣ በጨለማ ዛፍ ወጥቶ ማር መቁረጥ የወንድ ሥራ ሆኖ ቆየ። ቀፎው ወደ ጓሮ ሲወርድ ምክንያቱም አብሮ ወረደ። እኛ ጋ ቀፎ በመክፈት የሚደርስባቸው የሌለ ጠላ ጠምቀው የሚሸጡ አንዲት እናት ናቸው። እጃቸው አይቸኩልም። ንብ ደግሞ የሚቸኩል እጅ አትወድም።

መዋጮው መጀመሪያ ልብስ ላይ ይዋል። ሦስት ቱታ፣ ሦስት የፊት መሸፈኛ፣ ወፍራም ጓንትና ቦት ጫማ። ቱታውን የሰፈር ልብስ ሰፊ ይሰፋላችኋል፤ ነጭ ወይም ካኪ ይሁን። ጥቁርና ፀጉራም ልብስ ንብ ያስቆጣል። ቀጥሎ ሁለት ማጨሻ ግዙ። የማር ማውጫ ማሽኑ ውድ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ይምጣ። በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ስለሚሠራ፣ በጋራ ለመግዛት ከሱ የተሻለ ዕቃ የለም።

ቀፎው ሲከፈት

ዩቲዩብ ላይ ፈረንጁ በባዶ እጁ ፍሬም አውጥቶ ሲስቅ ታዩታላችሁ። እንዳትሞኙ። የእኛ አገር ንብ ቁጡ ናት። ስለዚህ የምንከፍተው ማምሻውን፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ብትቆጣም ሌሊቱ ያበርዳታል፤ ጠዋት መንገደኛ አትለክፍም። ከመሸባችሁ ባትሪውን በቀይ ጨርቅ ሸፍኑት። ንብ ቀይ ብርሃን አይታያትም።

ከመክፈታችሁ በፊት አህያ፣ በቅሎ፣ ከብትና ውሻ ከአካባቢው ይራቁ። ዶሮዎቹ ይግቡ። ልጆች ቤት ይሁኑ፤ ለጎረቤትም ይነገር። የታሰረ አህያ በንብ ሲወረር ያየ ሰው ይህን ሁለት ጊዜ አይነገረውም። ሽቶ የተቀባ አባል ያን ቀን አጥር ሥር ቆሞ ይመልከት።

ሦስት ሰው ይሠራል፤ አንዱ ያጨሳል፣ አንዱ ይከፍታል፣ አንዱ ይጽፋል። የቀረው ከኋላ ሆኖ ያያል። ማጨሻው ውስጥ ደረቅ ኩበትና የበቆሎ ቆረቆንዳ ጨምሩ። ፕላስቲክና ጋዝ የነካው ጨርቅ ክልክል ነው፤ ማሩ ላይ ይሸታል። ጭሱን መጀመሪያ እጃችሁ አንጓ ላይ ንፉት። ካቃጠላችሁ ንቧንም ያቃጥላታል፤ ነጭና ቀዝቃዛ እስኪሆን ጠብቁ። በር ላይ ሁለት ሦስቴ ነፋ ነፋ አድርጉና ጥቂት ታገሱ። ጭስ ሲሸታት ማር ልትጎርስ ትገባለች። ሆዷ የሞላ ንብ ለመናደፍ አትቸኩልም።

እዚህ ላይ የእኛ ሽማግሌ የሚያደርጉትን ልንገራችሁ። ክዳኑ ከመነሳቱ በፊት ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ቀፎው ላይ ይለጥፋሉ። ከዚያ በጣታቸው ኳ ያደርጋሉ። ውስጥ «እምምም» የሚል ድምፅ ይነሳል።

«አባባ፣ አውራዋ፣ ንግስቲቱ አለች?» እላቸዋለሁ።

«ቆይ ልጄ፣ ዝም ይሉ እንደሆነ እንይ።»

ድምፁ ወዲያው ዝም ካለ ብዙ ጊዜ ንግስቲቱ አለች። ማልቀስ የመሰለ ጩኸት ሆኖ ከቀጠለ ነገር አለ፤ ያ ቀፎ መጀመሪያ ይከፈታል። ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት ስለ ንብ ሳስተምር ይህን የነገረኝ መጽሐፍ አልነበረም።

ስትከፍቱ ከኋላ ቁሙ፤ የንብ በር ላይ አትቁሙ። ዳር ያለውን ፍሬም መጀመሪያ አውጡና ለብቻው አስቀምጡ፤ ለሌሎቹ መንቀሳቀሻ ቦታ ይተርፋል። ፍሬሙን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡ፤ ከቀፎው አናት ላይ ሳታርቁ እዩት። ንግስቲቱ ብትወድቅ እቤቷ ትውደቅ።

ንግስቲቱን ለማየት አትድከሙ። የምትፈልጉት እንቁላሏን ነው። ጀርባችሁን ለብርሃን ስጡና ጉድጓዶቹን ወለላቸው ድረስ እዩ። ቀጥ ብላ የቆመች ቀጭን ነጭ ጭረት ካያችሁ፣ ንግስቲቱ ትናንት ዛሬ እዚያ ነበረች። እንቁላሏ በሦስተኛው ቀን ትተኛለች፤ ከዚያ እጭ ትሆናለች። ክዳኑ ጠፍጣፋና ቡናማ የሆነው የሠራተኛ እጭ ነው። ጉብ ጉብ ያለው የድንጉላ፣ የወንዱ ንብ ነው። ከፍሬሙ ታችኛው ጠርዝ ላይ እንደ ኦቾሎኒ የተንጠለጠሉ ብዙ ቤቶች ካያችሁ ንቦቹ ሊከፈሉ ነው። አንድ ሁለት ብቻ ሆነው መሐል ላይ ከታዩ ግን ብዙ ጊዜ አሮጊቷን ንግስት እየቀየሩ ነውና አትንኩባቸው።

ጸሐፊዋ አራት ነገር ትመዘግባለች፤ እንቁላል አለ? ምግብ አለ? ጠላት አለ? ቦታ አለ? ቀፎው ላይ ቁጥር ይጻፍበት፤ ደብተሩ ላይም በዚያው ቁጥር ይግባ። በእርሳስ ጻፉ። እስክርቢቶ ማር የነካው ወረቀት ላይ አይጽፍም።

አንዷ ከነደፈች መርፌዋን በጥፍር ጠርጋችሁ አውጡ፤ በሁለት ጣት አትጭመቁት። የተነደፈውን ቦታ ወዲያው በጭስ አጥኑ። የምትተወው ሽታ የበሰለ ሙዝ ይመስላል፤ ሌሎቹን ይጠራል። ሽታው ሲበረታ ጀግንነት አያስፈልግም፤ ዝጉና ለሌላ ቀን አቆዩት። ከንፈሩ ወይም ጉሮሮው ያበጠ፣ ትንፋሽ ያጠረው፣ መላ ሰውነቱ ሽፍ ያለበት ሰው ካለ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ፍለጋ እንዳትሄዱ። በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም። የሚጓጓዝበት ባጃጅ ስልክ ደብተሩ ሽፋን ላይ ይጻፍ።

ዓመቱ እንዴት ይሄዳል

መስከረም ሲጠባ አደይ አበባና መጭ የሚባለው የዱር ኑግ ሜዳውን ይሞሉታል። ጥቅምት ላይ ኑጉ ይከተላል። ይህ ዋናው ወቅት ነው። የታችኛው ሳጥን በንብ ከሞላ የንግስት ማገጃ (ንግስቲቱ ወደ ላይ እንዳትወጣ የሚከለክል ወንፊት) አድርጋችሁ የማር ሳጥን ደርቡ። ዘግይቶ የተደረበ ሳጥን ባዶውን ይከርማል።

ቀፎ ማባዛትም፣ ከባህላዊ ወደ ዘመናዊ ማዛወርም በዚሁ አበባ ሲጀምር ነው። ለማባዛት ከጠንካራ ቀፎ እንቁላልና ትንንሽ እጭ ያለበትን፣ የተከደነ እጭ ያለበትን፣ ማርና የአበባ ብናኝ ያለበትን ፍሬም ከነንቦቹ ወደ አዲስ ሳጥን ውሰዱ። ንግስት የሌለው ክፍል ከትንንሾቹ እጮች መርጦ ንግስት ያሳድጋል። ንግስት ከእንቁላል እስክትወጣ 16 ቀን ገደማ ይፈጅባታል፤ ሠራተኛ 21፣ ድንጉላ 24። ወጥታ ከድንጉላ ተገናኝታ እንቁላል እስክትጥል ደግሞ ጊዜ ትፈልጋለች። ስለዚህ ወር እስኪሞላ አትነካኩት። ደካማ ቀፎ መክፈል ግን ሁለት ሬሳ ማትረፍ ነው። እዚህ ላይ ማህበሩ «አይሆንም» የማለት መብት ይኑረው። እኛ ጋ ሽማግሌው ካልፈቀዱ አይከፈልም።

መንጋ ለመያዝ የምትፈልጉም ባዶ ቀፎ በሰም አሽታችሁ፣ በወይራ ወይም በጥንጁት አጥናችሁ አዘጋጁ። አባቶች ያወቁት ነው፤ ይሠራል።

ከታህሳስ በኋላ ሥራው ጥበቃ ነው። ጉንዳን አንድ ሌሊት ይበቃዋል። የቀፎ ማስቀመጫውን እግሮች የተቃጠለ ዘይት ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ አቁሙ፤ ዙሪያውን አመድ ነስንሱ፤ ቀፎውን የሚነካ ሣርና ቅርንጫፍ አጽዱ። ሣሩ ድልድይ ነው። የሰም ትል የሚገባው ንቡ ያነሰበት ቀፎ ነውና ባዶ ፍሬም ትርፍ አታስቀምጡ። ውሃ ቅርብ ከሌለ ሰፊ ሰሃን ላይ ጠጠር አድርጋችሁ ውሃ ሙሉ፤ ጠጠሩ እንዳትሰምጥ መቆሚያዋ ነው። ግራዋ ካላችሁ አትቁረጡት፤ ሌላው አበባ ሲያልቅ የሚደርስላቸው እሱ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ዝናቡ ካማረ ሁለተኛ፣ አነስ ያለ ምርት ይገኛል።

ግንቦት 12 የዓለም የንብ ቀን ነው። ከ2010 ጀምሮ ይከበራል። እኛ የምናከብረው በአቅራቢያችን ካለ ትምህርት ቤት ልጆችን ጠርተን ባዶ ቀፎ በማስፈታት ነው። ንብ የለበትም፤ ፍሬሙን አውጥተው ይመልሳሉ፣ ማር በዳቦ ይቀምሳሉ። ልጅ ካወቀ ቀፎ ላይ ድንጋይ አይወረውርም።

ክረምት ምግብ ይጠፋል። ስኳርና ውሃ እኩል በጥብጣችሁ፣ ከጎኑ በሶ ወይም የባቄላ ሽሮ ስጡ። አበባ ሲፈነዳ ግን ስኳሩ ይቁም። ይህ የማህበሩ ጥብቅ ሕግ ይሁን። በማር ወቅት ስኳር ያበላ አባል የሚሸጠው ስኳር ነው፤ የሚበላሸው ስም ደግሞ የሁላችሁም ነው። ዝናቡ ሲበረታ ሳጥን መጠገንና የዛፍ ችግኝ መትከል ይቻላል። እኛ ዋንዛና ብሳና እንመርጣለን።

ርጭት

ለብቻው ያለ አናቢ የማይችለው፣ ማህበር ግን የሚችለው ትልቁ ሥራ ይህ ነው። አንድ ዓመት አንድ ባለ ማሳ አበባ ላይ ባለ ባቄላ ላይ ቀትር ላይ የተባይ መድኃኒት ረጨ። በማግስቱ ቀፎዎቻችን በር ላይ ንቡ ተቆልሎ አገኘነው። ምላሷን አውጥታ የሞተች ንብ ካያችሁ ብዙ ጊዜ መርዝ ነው።

ከሰውየው ጋር ብንካሰስ ምን እናተርፍ ነበር? ንብ ምግብ ፍለጋ እስከ ሦስት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። በዚያ ክልል ውስጥ ስንት ማሳ አለ? ሁሉንም ከሰን አንዘልቀውም። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። በዙሪያችሁ የሚያርሱትን ሰዎች ስምና ስልክ መዝግቡ። በእድር ስብሰባና ከቤተ ክርስቲያን መልስ አስነግሩ፤ የቀበሌው የግብርና ባለሙያም ያግዛችሁ። የምትጠይቁት ሦስት ነገር ብቻ ነው። አበባ ላይ አይረጭ፤ ግድ ከሆነ ማታ ንብ ከገባች በኋላ ይረጭ፤ ከዋዜማው ይደወልልን። ከተደወለላችሁ ሌሊት የቀፎውን በር አየር በሚያስገባ ወንፊት ዝጉ፤ ጥላ አብጁለት፤ በማግስቱ ከሰዓት በፊት ክፈቱ። ከዚያ ከቆየ በሙቀት ያልቃሉ። ማር ሲቆረጥ ደግሞ ለነዚያ ጎረቤቶች አንዳንድ ማንኪያ ሳይሆን አንዳንድ ብርጭቆ ይድረሳቸው። ወጪው ከማህበሩ ነው፤ እንደ ገንዘብ ያዥ የማልከራከርበት ወጪ እሱ ብቻ ነው።

አረም ማጥፊያም ቀላል አይደለም። ንቧን ባይገድላት እንኳ መጭና ማገጥ የመሳሰሉትን የሜዳ አበቦች ጨርሶ ምግቧን ይነጥቃታል።

ማር ሲቆረጥ

ጥቅምት መጨረሻና ህዳር ላይ ነው። ፍሬሙ ቢያንስ ሦስት አራተኛው በሰም ሳይከደን አይነሳም። ተጠራጠራችሁ? ፍሬሙን ጋድም አድርጋችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ጠብ ካለ አልበሰለም፤ መልሱት። ውሃው ከ20 በመቶ ያለፈ ማር ይቦካል። ውሃ መለኪያ መሣሪያ በማህበር ደረጃ መግዛት ይቻላል፤ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ነገር ነው። ከታችኛው ሳጥን ማር አትውሰዱ። እሱ የነሱ ስንቅ ነው።

የምንሠራው አንድ ቤት ውስጥ፣ በርና መስኮት ተዘግቶ ነው። አንዲት ንብ ከገባች አገሩን ትጠራለች። ማሩን በተቆረጠበት ሌሊት እናወጣለን፤ የዳንግላ የህዳር ብርድ ካገኘው ይጠጥርና ማሽኑ ውስጥ እምቢ ይላል። የሰሙን ክዳን በሹካ ገፈፍ ገፈፍ አድርጉ። ፍሬሞቹን ስትደረድሩ ክብደታቸው ይመጣጠን፤ አለበለዚያ ማሽኑ ይጨፍራል። መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ አዙሩና አንዱን ጎን ግማሽ አውጡ። ገልብጡና ሁለተኛውን ጎን ጨርሱ። እንደገና ገልብጣችሁ የመጀመሪያውን ጨርሱ። በአንድ ጊዜ በኃይል የሚያዞር ጎረምሳ አዲሱን ሰም ሰብሮ ቁጭ ያደርገዋል። ጎረምሶቹ ባልዲ ይሸከሙ።

ባልዲው ለምግብ የተሠራ፣ ክዳን ያለው ይሁን። የቀለምና የመድኃኒት ዕቃ ቢታጠብም አይሆንም። ሁለት ሦስት ቀን አስተኝታችሁ ከላይ የወጣውን አረፋና ሰም ግፈፉ። በየባልዲው ላይ የባለቤቱ ስምና የተቆረጠበት ቀን ይጻፍ። ማሩን መቀላቀልን እኔ አልደግፍም። ሲቀላቀል የአንዱ ጥፋት የሁሉም ይሆናል፤ ማን ምን እንዳመጣም አይታወቅም። ሽያጩ ግን በጋራ ይሁን። ለየብቻው የሚሸጥ ሰው የጠጅ ቤት ነጋዴ በተናገረው ዋጋ ነው የሚሸጠው።

የከተማ ደንበኛ ማሩ ሲረጋ «ስኳር ነው» ይላችኋል። የኑግና የአደይ አበባ ማር ቶሎ ይረጋል፤ ጠባዩ ነው። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ቢያስቀምጡት ይቀልጣል በሏቸው። ክብሪት በማር ነክሮ የሚለኩሰውም አለ። የሚያሳየው ቢበዛ ማሩ እርጥብ መሆኑን ነው፤ ስኳርን አይለይም።

ማህበራችን ከእያንዳንዱ ኪሎ ላይ ትንሽ ይቆርጣል፤ ሰሙ ግን ሙሉ በሙሉ የማህበሩ ነው። ሰም የሚጣል ነገር የሚመስለው ብዙ ነው። ጠጅ ቤቶች ከጠጁ የሚተርፈውን ሰፈፍ በርካሽ ይሸጡላችኋል። በውሃ አፍሉት፤ ያለ ውሃ እሳት ላይ የተጣደ ሰም ይነዳል። ብረት ድስት ያጠቁረዋልና አሉሚኒየም ይሻላል። በጆንያ አጥልላችሁ፣ ጆንያውን በዱላ ጨምቃችሁ፣ ሳትነካኩት አሳድሩት። ጠዋት ንጹሁ ሰም ከላይ ረግቶ ታገኙታላችሁ፤ ሥር የያዘውን ጭቃ በቢላ ፋቁት። ግማሹን ለፍሬም በሰም ማተሚያ አትሙት። የቀረውን ጧፍ የሚሠሩ ሰዎች ይገዙታል፤ ጥር ላይ፣ ከጥምቀት በፊት ቀድማችሁ አነጋግሯቸው።